ኖራ ያለ ጉድ አይይዝም

ሥራነሽ ፈንታ ስድስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ያፈላችውን ድስት አንድ ቀን እንኳ በጣቷ ነክታ ያልቀመሰችው ለምን ነበር? ሳይቀምስ ወጥ የሚያወጣ ወጥ ሠሪ በሀገሩ የለም። እሷ ደግሞ ጨው አነሰ በዛ ብላ የጎረቤት ድስት ሳይቀር የምትቀምስ ሴት ነበረች። የሚያውቋት ሁሉ ቢጠየቁም መልሱን የሚያውቅ አልተገኘም፤ ራሷም ስትጠየቅ ትስቃለች እንጂ አትመልስም ነበር። ያን ድስት አንዴ ቀምሳው ቢሆን ኖሮ የወይራምባ ሚካኤል ዕቃ ቤት ሁለት ጊዜ ባልፈረሰ፣ ግንበኛው እንዳላማውም በሰው ፊት ባላለቀሰ ነበር።

ሥራነሽ የተወለደችው ከአምበር ግማሽ ቀን በሚያስኬደው በወይራምባ ነው። ባሏ በንዳድ ሲሞትባት በ1922 ዓ.ም. እንጀራ ፍለጋ ደብረ ማርቆስ ገባች። የሚቀጥራት ያገኘችውም አንድ የህንድ ሰው ነበር። ስሙ ጄራም ይባላል፤ ለአንድ ባለጸጋ ነጋዴ የግንብ ቤት ሊሠራ የመጣ ግንበኛ ነው። ቤቱ ሲያልቅ ሌላው ነጋዴ ያዘው፤ የዚያኛው ሲያልቅ ሦስተኛው።

ጎረቤቶቿ ውሃ ስትቀዳ ከበው ይጠይቋታል።

«ለመሆኑ ያ ሰውዬሽ ምን ይበላል?»

«ምስር።»

«በፍስኩስ?»

«በፍስኩም ምስር።»

«በፋሲካስ?»

«በፋሲካ ቅቤውን አበዛለታለሁ።»

«ወይ ጉድ! ዕድሜ ልኩን ሁዳዴ ነው በይኛ!»

ሥጋ አይበላም፣ እንቁላል አይነካም። ምስሩ ግን ምስር ብቻ አልነበረም። ቅቤው ሲግል የሰናፍጭ ፍሬ ትበትንበታለች፤ ፍሬው እንደ ቆሎ ይንጣጣል። እርድ፣ ዝንጅብልና ድምብላል ይከተላሉ። ያልቦካ ሊጥ እንደ ወረቀት አሳስታ በብረት ምጣድ ላይ ገልበጥ ታደርግለታለች። እሱም በእጁ እየቆረሰ ይበላል። «እንጀራ በእጅ የሚበላ ሁሉ የአንድ እናት ልጅ ነው» ይላታል በተሰባበረ አማርኛው።

አንድ ቀን ግን ሌላ ነገር ነገራት። በእሱ ሀገር ግንበኛ ከግንበኛ ይወለዳል፤ ሸክላ ሠሪ ከሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ ፋቂም ከቆዳ ፋቂ። አንዱ ወገን ከሌላው ወገን እጅ ውሃ አይጠጣም። ባሕር የተሻገረም ሰው ወደ ሀገሩ ሲመለስ እንደ ረከሰ ተቆጥሮ ቀኖና ይሰጠዋል።

«ታዲያ ከእኔ እጅ እንዴት በላህ?» አለችው።

«ረሃብ ዘር አይጠይቅም» አላት። ቆይቶ ደግሞ «ምስርሽም ከእናቴ ምስር ይሻላል፤ ይህን ግን ለማንም እንዳትነግሪ» አለ።

ስለ ሀገሩ ሕንጻ ሲያወራ ዓይኑ ይበራል። በተወለደበት ከተማ አቅራቢያ አንዲት ንግሥት ባሏ ሲሞትባት ያሠራችው የውሃ ጉድጓድ አለ አላት። ጉድጓድ ይባል እንጂ ወደ ታች የተሠራ ቤተ መንግሥት ነው። ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው በድንጋይ ደረጃ ሰባት ፎቅ ይወርዳሉ፤ ግራና ቀኙ ግድግዳ ላይ የተቀረጹት ሴቶች አንዷ ጸጉሯን ታበጥራለች፣ አንዷ እሾህ ከእግሯ ትነቅላለች። ሥራነሽ ይህን ከሰማች ወዲህ ወንዝ በወረደች ቁጥር፣ ለውሃ ቀጂ ሴት ይህን ያህል ስለ ደከመው ድንጋይ ጠራቢ ታስባለች።

ያ ድስት እንግዲህ የየማለዳው ሥራዋ ነበር። ከማታ ጀምሮ የተዘፈዘፈ ጥቁር ምስር አጥልላ ውሃውን ትጥዳለች። ጄራም ከሀገሩ የሚያስመጣውን ደረቅ ፍሬ ወቅጣ ትጨምራለች። በመጨረሻ ከቆርቆሮ ሣጥኑ ቡናማ የስኳር ቋጥኝ በመጥረቢያ ፈልጣ ትከትበታለች። ሲወፍር ጄራም በሁለት ገንቦ አስሞልቶ ወደ ሥራው ይዞት ይሄዳል። ለሠራተኞቹ የሚያጠጣው ብርዝ መስሏት «ደግ አሳዳሪ ነው» ትል ነበር።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ሊይዝ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ በ1928 ሚያዝያ፣ ጄራም ዕቃውን በበቅሎ ጭኖ ሄደ። ወዴት እንደ ደረሰ የሰማ የለም። ሥራነሽም አንድ የናስ ድስትና አንድ ቋጠሮ እርድ ይዛ ወይራምባ ገባች።

ወይራምባ ግን አልተቀበላትም። የደብሩ አስተዳዳሪ መምሬ አካለ ወልድ ቀኖና ሰጥተው ፈትተዋት ነበር፤ ሴቶቹ ናቸው ያልፈቷት። የማርያም ማኅበር አለቃዋ ወይዘሮ የብርጓል፣ የስልሳ ቀፎ ባለቤት፣ በደጀ ሰላሙ ቆማ «የአረመኔ ምስር ያማሰለ እጅ የእመቤቴን ጽዋ አይነካም» አለች። ነገሩ በዚሁ ጸደቀ። ለዝክር እህል ሲፈጭ ሥራነሽ አትጠራም፤ ጠላ ሲጠመቅ «አንቺ ተይው» ትባላለች። የህንድ ገረድ የሚል ስምም ወጣላት።

በ1930 ግንቦት የጣሊያን ጦር አርበኛ ፍለጋ መጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን አቃጠለው። ሣር ክዳኑ በአንድ ክብሪት ሄደ። ካህናቱ ታቦቱንና አሥራ አንድ የብራና መጻሕፍት አውጥተው ከገደሉ ሥር ባለ ዋሻ ሸሸጓቸው፤ የቀሩት ስድስት መጻሕፍት ነደዱ። ዋሻው ደግሞ ውሃ ያንጠባጥባል። ክረምቱ ሲወጣ መምሬ አካለ ወልድ ስንክሳሩን ቢገልጡት ቅጠሉ በሻጋታ ተያይዞ አልላቀቅ አለ። አሁን ሌላ ክረምት ከዚያ ካደሩ የሚተርፍ መጽሐፍ የለም።

«ለታቦቱና ለመጻሕፍቱ ሣርም እንጨትም የሌለበት ዕቃ ቤት እፈልጋለሁ» አሉ መምሬ፤ «እሳት የሚበላው የሌለው።»

ከአርበኞቹ ጋር የመጣ እንዳላማው የሚባል የሉማሜ ሰው «እኔ እሠራለሁ» ሲል ተነሣ። ግንበኛ ነው። የኖራ ድንጋይ ከዓባይ በረሃ በአህያ አስመጥቶ አቃጠለ፣ አበረደ፣ ግድግዳውን አቆመ። በግድግዳው ላይ የእንጨት ደጋፊ ደርድሮ ድንጋዩን እንደ ቀስት ጎብጦ እንዲገጥም አደረገው። በጥቅምት ደጋፊውን ቢያወጡት ጣሪያው ተንዶ ወረደ።

እንዳላማው ራሱን ነቀነቀና «አለቃዬ ነግሮኝ ነበር» አለ። «ኖራ ያለ ጉድ አይይዝም ይል ነበር። ይኸው ጉዱ መጣ። አሁን ይይዛል።»

በጥር እንደገና ሠራ። እንደገና ወደቀ፤ የአንድ ሰውም ክንድ ሰበረ።

ከዚህ በኋላ ያ አባባል ከአፍ ወደ አፍ ዞረ። «ያለ ጉድ አይይዝም ማለት ምን ማለት ነው?» «ደም ነው የሚፈልገው።» «መሠረቱ ሰው ይሻል።» እናቶች ልጆቻቸውን ከደብሩ አካባቢ ሰበሰቡ። እንዳላማውን ቀና ብሎ የሚያየው ጠፋ። ሽማግሌዎቹም እስከ እሑድ ከሀገር እንዲወጣ፣ መጻሕፍቱም ባሉበት እንዲቀሩ ቆረጡ። እሱም ፍርስራሹ ላይ ተቀምጦ በሰው ፊት አለቀሰ።

በማግሥቱ ምሳ ያመጣለት ሰው አልነበረም። የተገለለ ሰው የተገለለን ያውቃልና ሥራነሽ አንድ ሣህን ምስር በእንጀራ ይዛለት ሄደች። እንዳላማው ክዳኑን ሲያነሣ ዓይኑን ጨፈነ።

«ይህን ሽታ አውቀዋለሁ» አለ። «የአለቃዬ ልብስ ሁልጊዜ እንዲህ ይሸት ነበር።»

«አለቃህ ማነው?»

«ጄራም የሚባል ህንድ። ደብረ ማርቆስ ሁለት ዓመት ድንጋይ ጠርቤለታለሁ።»

ሥራነሽ በሳቅ ፈረሰች። «አያ እንዳላማው፣ ሽታውን ልብሱ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኛ! ስድስት ዓመት ወጥ ቤቱ ነበርሁ። ብርዜስ እንዴት ነበር? ጣፍጧችሁ ነበር?»

«የምን ብርዝ?»

«በየማለዳው ይዞላችሁ የሚመጣው ነዋ! ሁለት ገንቦ ሙሉ።»

«እኛ አንድ ቀንም ብርዝ አልጠጣን፤ የምንጠጣው የወንዝ ውሃ ነበር።»

«አትዋሽ! ክንዴ እስኪዝል ያማሰልሁት! ታዲያ ማን ጠጣው?»

እንዳላማው ማላመጡን ተወ። ጄራም ኖራውን የሚያቦካው ሠራተኛ ሳይገባ፣ አጥር ዘግቶ፣ ለብቻው ነበር። ሙያውን ለልጁ እንጂ ለባዕድ አያሳይም።

«በምን ነበር የምታፈይው?» አላት ቀስ ብሎ።

«በምስር ውሃ። ከሀገሩ በሚመጣ ደረቅ ፍሬ። ከዚያ በጉድ።»

«በምን አልሽ?»

«በጉድ። ያ ቡናማ ስኳራቸው። እኛ ስኳር እንለዋለን፣ እሱ ጉድ ይለዋል። ‹ሥራነሽ፣ ጉድ አምጪ› ሲለኝ ስንት ቀን ስቄበታለሁ!»

እንዳላማው ሣህኑን መሬት አስቀመጠ። ዓመታት ሙሉ እንደ ምሳሌ ሲያነበንበው፣ ሁለት ጣሪያ ሲያፈርስበት፣ ሰው ሁሉ ደም ሲሸትበት የከረመው ቃል ስኳር ነበር።

«ኖራው ነው» አለ በመጨረሻ። «ብርዝሽን የጠጣው ኖራው ነው።»

ሁለቱም ወደ መምሬ አካለ ወልድ ሮጡ። መምሬ የቅኔ ሰው ናቸው፤ ነገሩን ሲሰሙ በሳቅ መቋሚያቸውን ጣሉ። «ሰሙን ይዘን ወርቁን ጥለን ነበር! የድሮ ነገሥታት ግንብም የህንድ እጅ አለበት ሲባል እሰማ ነበር፤ ለካ አፍም ነበረበት። ግን ልጆቼ፣ ስኳር ከየት ይመጣል? ጣሊያን ካምፕ ካልሆነ የለም።»

«ስኳር ለምን ያስፈልጋል፣ አባቴ?» አለች ሥራነሽ። «ጎጃም አይደለንም እንዴ? ማር አለ።»

ማር ያለው ግን የብርጓል ቤት ነው። በጦርነት ያልተነካ አሥራ አራት እንስራ ማር ነበራት። ሥራነሽ ደጇ ቆማ ነገሩን ብታስረዳት የብርጓል እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰማቻት።

«ለድንጋይ ማር? ድንጋይ ከመቼ ወዲህ ነው ጠጅ የለመደ?»

«እትዬ የብርጓል፣ ለታቦቱ ነው።»

«ለታቦቱ ሲሆን በእኔ እጅ እንጂ በአንቺ አይደለም። ከወደቀስ?»

«ከወደቀ ከወይራምባ እወጣለሁ። ዳግመኛ ጭሴ እዚህ ሲጨስ አይታይም።»

የብርጓል አየቻት። «እንዲያስ ከሆነ ውሰጂ። ማሬን ባጣም አንቺን እገላገላለሁ።»

መምሬ ሽማግሌዎቹን ለምነው የእንዳላማውን መውጫ አዘገዩለት፤ በየካቲት መጀመሪያም ሥራው ተጀመረ። ሥራነሽ በናስ ድስቷ ምስር አፍልታ ማሩን ትበጠብጣለች። በህንዱ ደረቅ ፍሬ ፋንታ ቆዳ ፋቂዎች የሚያለፉበትን የግራር ቅርፊት ቀቀለች፤ ያኛው ፍሬ ጣቷን እንደዚህ ያጠቁር ነበርና፤ ያን ጊዜ ድስቱን ቀምሳው ቢሆን ምሬቱ ለሰው የሚጠጣ እንዳልሆነ በነገራት ነበር። እንዳላማው ኖራውን በዚያ ያቦካል። ኖራው ድሮ እንደ አመድ ይበተን የነበረው አሁን እንደ ቅቤ ከመዳፍ አልለቅ አለ። ጣሪያውን በምትዘጋው መካከለኛዋ ድንጋይ ላይ ሥራነሽ በከሰል አንድ አበባ ሣለችለት፤ ጄራም በየበሩ ላይ የሚቀርጸው የውሃ አበባ ነው። እንዳላማው በመሮ አወጣው።

«ይህ የምን አበባ ነው?» አሉ መምሬ አካለ ወልድ።

«ከጭቃ ውስጥ ንጹሕ ሆኖ የሚወጣ ነው ይላል ህንዱ።»

መምሬ ጺማቸውን አሻሹ። «እንዲህ ከሆነስ የእመቤታችን ነው። ይግባ።»

የካቲት አሥራ ስምንት ቀን ጣሪያው ተዘጋ። እንዳላማው «ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ እንደሚጠመቅ፣ ይህም አርባ ቀኑ ሳይሞላ ደጋፊው አይነካም» አለ። እስከዚያ ኖራው በፀሐይ እንዳይሰነጠቅ፣ በውርጭም እንዳይፈረፈር እርጥብ ጭድና ጨርቅ ለብሶ መጠበቅ አለበት። ይህን ሥራነሽ ያዘች። ቀን ውሃ ታጠጣዋለች፤ ሲመሽም ጭዱን ትደርብለታለች፣ ተነሥታም ትዳስሰዋለች። ተቀምጣ ከማንቀላፋት በቀር ጎኗ መሬት አልነካም። ዓይኗ ጎድጉዶ ፊቷ እንደ ኖራው ነጣ። «ልጅ ወልዳ ነው እንዴ?» እያሉ የሚያልፉ ነበሩ። የብርጓልም አንድ ቀን ብቅ ብላ «ማሬ እንዴት አደረ?» ብላ ጠየቀች። «ደኅና አድሯል፤ እርስዎን ጠይቋል» አለቻት ሥራነሽ።

በሠላሳ ሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት ሃያ፣ ከአምበር በኩል አቧራ ታየ። ጣሊያንና ባንዳ ነው። ሰው ሁሉ ከብቱንና ልጁን ይዞ ወደ ገደሉ ወረደ። ሥራነሽን እንዳላማው እጇን ይዞ ጎተታት፤ እስከ መጨረሻው ውሃ እያፈሰሰች ነበር።

ከገደሉ ሆነው ጭሱን ቆጠሩት። ያ የሥራነሽ ቤት ነው፤ ያ የየብርጓል ጎተራ ነው። ከዚያ ከደብሩ ጥቁር ጭስ ቀጥ ብሎ ተነሣ።

«ደጋፊው ነው» አለ እንዳላማው። «እንጨቱን አነደዱት። ገና ስምንት ቀን ይቀረው ነበር።»

በማግሥቱ ጠላት ሲመለስ ሰው ወጣ። ከመንደሩ ቆሞ የቀረ ጣሪያ አልነበረም። ወደ ደብሩ ሲደርሱ ከፊት የነበረው ሁሉ ቆመ። የዕቃ ቤቱ በር እንደ ምድጃ አፍ ጠቁሯል፤ ከውስጥ ጭስ ይወጣል። ጣሪያው ግን ጎብጦ ቆሟል። የሚደግፈው አንድም እንጨት የለም። ቢሆንም ማንም ሊጠጋው አልደፈረም፤ አሁን ይወርዳል እያለ ይጠብቃል። እንዳላማው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ።

ሥራነሽ ብቻዋን ገባች። አመዱ ገና ይፋጃል። በመሐሉ ቆማ ቀና ስትል አበባው በጥላሸት ጠቁሮ ከአናቷ በላይ አለ። ድንጋይ አንሥታ ግድግዳውን መታችው። እንደ ጭቃ ግድግዳ ጠፍ አላለም፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ ደወል ጮኸ። ጣሪያውን በረጅም እንጨት መታችው፤ እሱም ጮኸ። ደገመችው፣ ሠለሰችው። ከውጭ የቆመው ሰው ደወሉን ሰማ።

«አያ እንዳላማው!» ብላ ተጣራች። «ተነሥ! ደጋፊውን በነጻ የነቀለልንን ጣሊያን አመስግንልኝ!»

መጀመሪያ የሳቁት መምሬ አካለ ወልድ ናቸው። «ያለ ጉድ አይይዝም! ጣፋጩንም ጉድ ሰጠነው፣ መራራውንም ጣሊያን ጨመረበት!» ከዚያ እልልታው ወጣ፤ ቤት የሌለው ሰው ሁሉ እልል አለ። እንዳላማው እየሮጠ ገብቶ ግድግዳውን እንደ ሰው አቀፈው።

የብርጓል ቀስ ብላ መጣች። በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ጣቷን በምራቋ አርሳ ኖራውን ነካ አድርጋ ቀመሰች።

«አይጣፍጥም» አለች።

«በልቶታላ፣ እትዬ የብርጓል» አለች ሥራነሽ።

የብርጓል ወደተቃጠለው ጎተራዋ አየች፤ ወደ ሥራነሽም ተመለሰች። «የሚቀጥለው ጽዋ ከአንቺ ቤት ነው።»

«ቤቴ እኮ ተቃጥሏል።»

«የእኔም ተቃጥሏል። ታዲያ ከማን ቤት ይሁን? እዚሁ፣ ከግንቡ ጥላ ሥር ይሁን። ምስሩን ግን አንቺ ትሠሪዋለሽ፤ ያንን የሚንጣጣውን።»

አመዱ ተጠረገ፤ ውስጡም በውሃ ቀዘቀዘ፣ በቅጠልም ታጠበ። ታቦቱ በምንጣፍ ተሸፍኖ ከዋሻው ሲመጣ ሥራነሽ እንደ ሴቶቹ ሁሉ ከበሩ ወጥታ ቆመች። አሥራ አንዱ መጻሕፍት አንድ በአንድ ገቡ፤ ስንክሳሩ መጨረሻ ገባ። መምሬ አካለ ወልድ በሩን ዘጉ። ሕዝቡ ከየት እንዳመጣው በማይታወቅ ጉልበት ሲዘምር፣ ሥራነሽ የግንቡን ግድግዳ ተደገፈች፤ ቀስ እያለች ተንሸራታ ተቀመጠች፤ ከዚያም ጎኗን መሬት አስነካች።

የብርጓል ነጠላዋን አውልቃ አለበሰቻት። ሁዳዴ ነበርና «ጾሟን ሳትፈታ?» ብሎ ሊቀሰቅሳት የተጠጋም ነበር፤ መምሬ ግን በእጃቸው ከለከሉት። ከግቢው መሐል ቆመው ሰዓቱን ለማወቅ ጥላቸውን በጫማቸው ለኩና የጾሙን መፍቻ ለሕዝቡ አሰሙ። ሥራነሽ ፈንታ በሠላሳ ሦስት ቀን የመጀመሪያዋን እንቅልፍ የተኛችው መጋቢት ሃያ አንድ፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ነበር።